የመሬት መንቀጥቀጥና ከመሠረት በታች ያለው አፈር

የኅብረት ሥራ ማኅበራት የእህል መጋዘን ሲሠሩ ቦታውን ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ለመንገድ ባለው ቅርበት ነው። በስምጥ ሸለቆና በአዋሳኙ ግን ከመሠረቱ በታች ያለውን መሬትም መመርመር ያስፈልጋል። በ1961 እ.ኤ.አ. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ የተደጋገመውም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል።

መንቀጥቀጥ ከምንጩ በራቀ መጠን ይደክማል። ሆኖም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቦታዎች እኩል ላይናወጡ ይችላሉ። ሞገዱ በአለት ውስጥ በፍጥነት ያልፋል፤ ደለል ወይም ለስላሳ ሸክላ አፈር ሲገባ ግን ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ንቅናቄው ይጎላል። ከዚህም በላይ በአለቱና በመሬቱ ገጽ መካከል እየተመላለሰ ይቆያል። እርጎ የያዘ ገበቴ በጥቂቱ ሲነካ እርጎው አብዝቶ እንደሚናወጥ ማለት ነው።

ለዚህ የሜክሲኮ ከተማ ጥሩ ማስረጃ ነው። መስከረም 19 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. የተነሣው መንቀጥቀጥ ምንጩ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ፣ በጥንቱ ሐይቅ ሸክላ ላይ የተሠሩ ብዙ ሕንፃዎች ፈረሱ፤ በአለታማው ኮረብታ ላይ የነበሩት ግን እምብዛም አልተጎዱም። የሐይቁ አፈር አንድ ጊዜ ለመወዛወዝ 2 ሰከንድ ያህል ይወስድ ነበር። ከዚህ ጋር የተቀራረበ ውዝዋዜ ያላቸው ረጃጅም ሕንፃዎች ይበልጥ ተጎዱ።

ይህ ማለት ግን ዝቅተኛ ቤት አያሰጋም ማለት አይደለም። ወፍራም ለስላሳ አፈር በዝግታ ስለሚወዛወዝ ረጅሙን ሕንፃ፣ ስስ የሆነው ደግሞ በፍጥነት ስለሚወዛወዝ እንደ መጋዘን ያለውን አጭር ሕንፃ ይበልጥ ያናውጣል።

ስለዚህ መሠረት ከመጣሉ በፊት የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት አመራሮች የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ እንመክራለን።

1. የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎችን አለት በስንት ሜትር እንዳገኙ መጠየቅ፤ በቦረቦር ግድግዳ ላይም የአፈሩን ድርብርብ መመልከት።

2. አለት ወይም ጠንካራ ጠጠራማ መሬት ማስቀደም፤ ነገር ግን ከገደል አፋፍ መራቅ፤ በዚያ ንቅናቄው ሊበረታና መሬቱ ሊናድ ይችላልና።

3. በወንዝና በሐይቅ ዳር ካለ ውሃ የጠገበ ልል አሸዋ መሸሽ። እንዲህ ያለው አሸዋ ሲናወጥ ጥንካሬውን አጥቶ እንደ ፈሳሽ ይሆናል።

ጥሩ ቦታ ደካማ ግድግዳን አያድንም፤ ስለሆነም የግንባታ ባለሙያ ማማከር አይቀርም። ቢሆንም የቦታው ምርጫ መሠረቱ ከተጣለ በኋላ የማይታረም ነው። መጋዘኑ ሲፈርስ የሚጠፋው የዓመቱ ምርትና የመጪው ዓመት ዘር ነውና፣ አስቀድሞ መቆፈሩ አይታክተን።