ቀይ ወረቀት ማን ያነሳል?

ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን በአባያ ሐይቅ ዳር ወደ ላንቴ የተጓዘ ሰው ሙዝ ሳያይ አያልፍም። ግራ ቀኙ ሙዝ ነው፤ ሚዛን ላይ የሚወጣውም፣ መኪና ላይ የሚጫነውም ሙዝ። እንበልና አምስት ወጣቶች ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር መተግበሪያ ሊሠሩ ተዋዋሉ። ገበሬው ያስረከበው ኪሎ በስልክ ይመዘገባል፣ ሒሳቡም እዚያው ይታወቃል። ልጆቹ ስድስት ወር ቢሯቸው ውስጥ ተቀምጠው ዓይን የሚስብ ነገር ሠሩ። ይዘውት ሲመጡ ግን ሚዛኑ ባለበት ቦታ ኔትወርክ የለም። የሚመዝነው ሰው ደግሞ እጁ በሙዝ ፈሳሽ ስለሚጣበቅ የመተግበሪያውን ትንንሽ ቁልፎች መንካት አልሆነለትም።

ታሪኩ የፈጠራ ምሳሌ ነው፤ ችግሩ ግን ሶፍትዌር በሚሠራበት አገር ሁሉ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ ስኖውበርድ በተባለ የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች ተሰብስበው አጭር መግለጫ ያወጡት በዚሁ ተማርረው ነበር። አራት እሴቶችና አሥራ ሁለት መርሆች ያሉት ይህ መግለጫ አሠራሩን «አጃይል» አለው፤ ቀልጣፋ፣ እንደ ሁኔታው የሚተጣጠፍ እንደማለት። ጥቂት ሠርቶ ለተጠቃሚው ማሳየት፣ የተነገረውን ሰምቶ ማረም፣ እንደገና ጥቂት መሥራት። በዚህ መንገድ ቢሄዱ ኖሮ የእኛዎቹ አምስት ልጆች የኔትወርኩን ነገር በሁለተኛው ሳምንት ባወቁት ነበር።

ነገሩ ተወደደ፤ ሲወደድም ስሙ ከግብሩ ቀደመ። ጠዋት ጠዋት 15 ደቂቃ ቆሞ የሚሰበሰብ፣ ግድግዳው ላይ ባለቀለም ወረቀት የለጠፈ ሁሉ «እኛ አጃይል ነን» ማለት ጀመረ። ታዲያ እውነተኛውን ከስመኛው በምን መለየት ይቻላል? የመመዘኛ መሣሪያዎቹ የተወለዱት ከዚህ ጥያቄ ነው።

ከቀደሙት አንዱ ስሙ ለእኛ አዲስ ያልሆነ ኩባንያ ውስጥ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ ባስ ቮዴ የተባለ ባለሙያ በኖኪያ የኔትወርክ ክፍል ውስጥ ላሉ ቡድኖች ጥቂት ጥያቄዎችን አዘጋጀ። የሥራችሁ ዙር ከአራት ሳምንት ያነሰ ነው? በዙሩ መጨረሻ ላይ ተፈትኖ የሚሠራ ነገር ይኖራችኋል? ምን መቅደም እንዳለበት የሚወስነው የምርቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የሥራውን ግምት የምታወጡት ራሳችሁ ናችሁ ወይስ ሌላ ሰው? በዙሩ መሃል አለቃ እየገባ ሥራችሁን ያቋርጣል? ስክረም የሚባለውን የአጃይል አሠራር ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ጄፍ ሰዘርላንድ ኋላ ነጥብ ጨመረበትና «የኖኪያ ፈተና» ተብሎ ዓለምን ዞረ።

የኖኪያ የስልክ ክፍል ግን እ.ኤ.አ. በ2014 በማይክሮሶፍት እጅ ገባ። ፈተናው የተወለደው በስልኩ ክፍል አይደለምና የስልኩን ውድቀት በእሱ ላይ መጫን ግፍ ይሆናል። ሆኖም የኩባንያው ታሪክ የመጠይቁን ወሰን ያስታውሳል። እንዴት እንደምትሠራ ይጠይቅሃል እንጂ የሠራኸውን የሚፈልገው ሰው ይኑር አይኑር አይነግርህም።

ይህን ክፍተት በቁጣ የደፈነው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር አማካሪ ቦርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው አጭር ሰነድ ርዕሱ ትንሽ ባለጌ ነው፤ ጨዋ ተርጓሚ «የአጃይል ቅጥፈትን መለየት» ይለው ይሆናል። የቅጥፈት ምልክት ብሎ ከዘረዘራቸው አንዱ ይኸው ነው፦ ከቡድኑ አባላት አንድም ሰው ተጠቃሚውን ሲሠራበት አይቶ፣ አነጋግሮት አያውቅም። ላንቴ ድረስ ያልሄደ ቡድን እዚህ ላይ ይወድቃል።

ሌላው መንገድ ሰውን መጠየቅ ትቶ ሥራውን መለካት ነው። ኒኮል ፎርስግሬን ከሁለት የሙያ ባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው መጽሐፍ አራት ቁጥሮች ታወቁ፦ አዲስ ሥራ ለተጠቃሚው በስንት ጊዜው ይለቀቃል፣ የተጻፈ ኮድ እጁ እስኪገባ ምን ያህል ይቆያል፣ ከተለቀቀው ስንቱ ብልሽት ያመጣል፣ የተበላሸውስ በስንት ሰዓት ይጠገናል። አብዛኛውን መሣሪያው ራሱ ሊመዘግበው ስለሚችል ማባበል ይከብዳል። ደግሞ መብራት በሚጠፋበት ከተማ የመጨረሻው ቁጥር የማን ጥፋት እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ምርጫ ግን ከሁሉ ቀላሉ ነው። የስዊድኑ የሙዚቃ ኩባንያ ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳወቀው የቡድን ጤና ምርመራ ሦስት ቀለም ወረቀት ብቻ ይፈልጋል። አባላቱ አንድ ክፍል ይገባሉ፤ ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ ይቀርባሉ። ሥራችንን ለተጠቃሚ ማድረስ ቀላል ነው? እየተማርን ነው? ሥራው ደስ ይላል? ውሳኔ የእኛ ነው ወይስ የሌላ ሰው መጫወቻ ጠጠር ነን? ደህና ነው የሚል አረንጓዴ፣ ያመነታ ቢጫ፣ ታመናል የሚል ቀይ ያነሳል። ከዚያ ወሬው ይጀመራል፤ ዋናው ወሬው ነው። አዘጋጆቹ ሄንሪክ ክኒበርግና ክርስቲያን ሊንድዋል ውጤቱ ቡድንን ከቡድን ለማበላለጥ እንዳይውል አስጠንቅቀዋል።

ለምን እንዳስጠነቀቁ ለኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ቢፒአር የተባለውን የአሠራር ለውጥ ያየ፣ ቢኤስሲ የተባለውን የውጤት መመዘኛ ቅጽ የሞላ፣ ነጥብ ደረጃና ጥቅም ሲሆን ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ሶፍትዌር ቤትም ያው ነው፤ የሥራው ክብደት በነጥብ ይገመታልና አለቃው «የቡድኑ ፍጥነት በነጥብ ይጨምር» ካለ ትናንት ሦስት ነጥብ የተገመተ ሥራ ነገ አምስት ተብሎ ይገመታል። ነጥቡ ያድጋል፤ ሙዙ ግን እንደተለመደው በደብተር ይመዘገባል።

በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቀው የጃፓኑ የማሻሻያ አሠራር ካይዘንም የአጃይል የሥጋ ዘመድ ነው፤ ብዙ የአጃይል ቡድኖች የሚጠቀሙበት የካንባን ሰሌዳ ከጃፓኑ ቶዮታ ፋብሪካ የመጣ ነው። ኢትዮጵያ በጃፓን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ30 ድርጅቶች ሞክራው፣ በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት አቋቁማለች። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚሉትን አምስቱን «ማ»ዎች ብዙ ሠራተኛ በቃሉ ይወጣቸዋል። የሚያስቸግረው አምስተኛው ነው። ኦዲተር ሊመጣ ሲል ብቻ አቧራው የሚራገፍ ሰሌዳ በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም።

ወደ ቀዩ ወረቀት እንመለስ፤ አርባ ምንጭ አጠገብ ባለው የጋሞ ደጋ የማኅበረሰቡ ጉዳይ የሚታየው ዱቡሻ በሚባለው አደባባይ ነው። ጎሜ የተባለውን ነውር የፈጸመ ሰው ካልተናዘዘ መከራው ለሌላውም ይተርፋል ተብሎ ይታመናል፤ ስለዚህ መናገር ውርደት ብቻ አይደለም፣ ማዳንም ነው። ቀይ ወረቀት ማንሳትን ከዚህ ባህል ለመጣ ልጅ ማስረዳት ከባድ አይመስልም። ከባዱ የሰማው አለቃ ቀዩን ለደረጃ እድገት መከልከያ እንዳያደርገው ማሳመን ነው።

በ1979 ዓ.ም በውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት የተጀመረው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ያስተምራል። በአገራችን የምረቃ ፕሮጀክት በአብዛኛው ወፍራም ሰነድ ተጽፎ፣ ኮዱ መጨረሻ ላይ የሚደርስበት ሥራ ነው። ዘንድሮ ፕሮጀክት የያዛችሁ ተማሪዎች ሦስቱን ቀለም ወረቀት ገዝታችሁ በወር አንድ ሰዓት ሞክሩት፤ ውጤቱንም ለአማካሪያችሁ አታስረክቡ፣ ለራሳችሁ አስቀሩት። ከዚያ በፊት ግን ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ላንቴ ውረዱና ግማሹን የሠራችሁትን መተግበሪያ ሚዛኑ አጠገብ ለቆመው ሰው ስጡት።