ባዶ ቦታ የሚሻው ሲሊንደር

የቡታጋዝ ሲሊንደር አፉ ድረስ አይሞላም። በውስጡ ያለው በግፊት ፈሳሽ የሆነ የፕሮፔንና የቡቴን ቅልቅል ነው፤ ፈሳሹ ሙቀት ባገኘ ቁጥር ያብጣል። ፕሮፔን ከውሃ ጋር እኩል ቢሞቅ ከውሃው 17 እጥፍ ያህል ይለጠጣል። አንድ አምስተኛ የሚሆን ቦታ ከላይ ለእንፋሎቱ የሚተወው ለዚህ ነው። ቦታው ከጠፋ፣ ጠዋት በጥላ ሥር የቆመው ሲሊንደር ቀትር ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ፈሳሹ የሚሄድበት ያጣል። ቢቀና የደኅንነት ቫልቩ ጋዙን ወደ ውጭ ይተፋዋል፤ ቫልቩ ዝጎ ካልሠራ ግን ብረቱ ይሰነጠቃል።

ደንበኛ ሲሊንደሩን ወዝወዝ አድርጎ ሲንቦጫቦጭ ይሰማና «አልሞላም፣ ጨምርበት» ይላል። ያ የሚንቦጫቦጨው ድምፅ ለእሱ ደኅንነት የተተወው ቦታ ነው። ልኩን የሚያውቀው ጆሮ ሳይሆን ሚዛን ነው። በሲሊንደሩ አንገት ዙሪያ ወይም እጀታ ላይ ባዶ ክብደቱ ተቀርጿል፤ ባዶው 14 ኪሎ የሆነ ባለ 12.5 ኪሎ ሲሊንደር ተሞልቶ 26.5 ኪሎ ይመዝናል። ከዚያ ከበለጠ አይረከቡትም፣ ካነሰም ይጠይቃሉ። ቁጥሩ በቀለም ተሸፍኖ ወይም በዝገት ተበልቶ የማይነበብ ሲሊንደር ተመልሶ መሞላት የለበትም።

የከፋው ከትልቁ ሲሊንደር ወደ ትንሹ በጎማ መገልበጥ ነው። ለሽርሽር የምትያዘው ትንሿ ሲሊንደር በዚህ መንገድ ስትሞላ ሚዛን የለም፣ መጠኑን የሚያቆም የለም፤ ጎማው ሲነቀልም የተረፈው ፈሳሽ መሬት ላይ ይፈሳል። አንድ ሊትር ፈሳሽ 250 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም ከአየሩ 2 በመቶ ያህል ከያዘ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። ጥር 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ናይሮቢ፣ ኤምባካሲ ውስጥ ጋዝ የጫነ ተሽከርካሪ ፈንድቶ ሰዎች ሞተዋል፣ ከ200 በላይ ቆስለዋል። የኬንያ ኢነርጂ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በቦታው ለጋዝ መሙያ የቀረበውን የፈቃድ ጥያቄ ቀደም ሲል ውድቅ ማድረጉን ወዲያው አስታውቋል።

ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ። ሽቅብ አይበንም፤ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፣ ጉድጓድ ያገኘ እንደሆነ እዚያው ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደር በምድር ቤት፣ በደረጃ ሥር ወይም በፍሳሽ ቱቦ አፍ አጠገብ አይቀመጥም። ቦታው ደጅ ነው፤ ጥላ ያለው፣ ነፋስ የሚያገኘው፣ ደልዳላ ወለል። ሁልጊዜም ቀጥ ብሎ ይቆማል። የተጋደመ እንደሆነ በእንፋሎቱ ፈንታ ፈሳሹ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባል፤ ነበልባሉም ከምድጃው በላይ ይዘላል። «አልቋል» የተባለውም ቢሆን ጥቂት ጋዝ ስለማያጣ ቫልቩ ይዘጋል።

ሲሊንደር ይዞ ለሽርሽርና ለጥብስ ለሚወጣ ሰው ግን፣ ስለ አዲስ አበባው ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ከ700 ሄክታር በላይ የሚሰፋው ይህ ግቢ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ተዳፋት ላይ ያለ ሲሆን፣ አገር በቀል ዛፎች እንዲጠበቁበት የተቋቋመ ነው። በዙሪያው ግን ባሕር ዛፍ ሞልቷል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ በበጋ ደርቆ ሲረግፍ ከጭድ አይተናነስም። እንዲህ ባለ ቦታ ምድጃ ከማውጣት በፊት እሳት ይፈቀድ እንደሆነ አስተዳደሩን መጠየቅ ግድ ነው። ካልተፈቀደ ጥብሱ ቤት ተጠብሶ ይመጣል፤ ቀዝቅዞም ቢሆን ይበላል።

በዚያው አካባቢ ባለ መኖሪያ ግቢ የሚጠብስ ሰው ተዳፋቱን ማንበብ አለበት። ምድጃው ከላይ፣ ሲሊንደሩ ከታች ይሁን፤ ያፈተለከ ጋዝ ከእሳቱ እየራቀ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል አንድ ሜትር ያህል ጎማ ይኑር። ቅጠሉ ተጠርጎ አፈሩ ይታይ። ሌላም አለ፤ በዚህ ከፍታ ያው መጠን ያለው አየር የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። እሳቱ ቢጫ ሆኖ ድስቱን ጥላሸት ካለበሰ አየር አጥሮታል፣ ሽታ የሌለው መርዛማ ጭስም እየወጣ ነው። ዝናብ መጣ ብሎ ምድጃውን ወደ ክፍል ወይም ወደ ድንኳን ማስገባት በዚህ ምክንያት ሰው ይገድላል።

ባለሙያ ቤት ለቤት ሲጠራ ብዙ ጊዜ ጥፋቱን የሚያገኘው ከብረቱ ላይ አይደለም። ቫልቩ አፍ ላይ ያለችው ጎሚኒ ደርቃለች፣ ወይም ጎማው በሽቦ ታስሯል። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ የሚለወጡት ግን ጋዝ ከሸተተ በኋላ ነው። ፍተሻው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፦ ኦሞ በውሃ ይበጠበጣል፣ ቫልቩ ተከፍቶ መገጣጠሚያዎቹ ይቀባሉ፣ አረፋ ከነፋ ጋዝ አለ። ክብሪት ጭሮ የሚፈትሽ አሁንም አልጠፋም።

የጋዙ የበሰበሰ ጎመን የመሰለ ሽታ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። ሲሸት ቫልቩ ይዘጋል፣ በርና መስኮት ይከፈታል፣ የመብራት ማብሪያ አይነካም፤ መብራቱ በርቶ ከሆነም እንደበራ ይተዋል። ከቤት ከወጡ በኋላ የሚደወልበት የአዲስ አበባ እሳት አደጋ መሥመር 939 ነው።