የሦስት ወሩ መርፌ እና የአንጎል ሽፋን ዕጢ

ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው በጫጫ ዙሪያ የምትኖር የገጠር እናት ልጆቿን አራርቃ መውለድ ስትፈልግ ሩቅ መሄድ አይጠበቅባትም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቀበሌው ጤና ኬላ የሦስት ወሩን መርፌ ትሰጣታለች። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በኢትዮጵያ ካሉት ባለትዳር ሴቶች 41 በመቶው የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀማሉ፤ 27 በመቶው ደግሞ መርፌውን የመረጡ ናቸው። ከተጠቃሚዎቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ማለት ነው።

መርፌው ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን አሲቴት የተባለ፣ የፕሮጄስትሮንን ሆርሞን የሚመስል ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገር 150 ሚሊ ግራም ይይዛል። የሚወጋው ክንድ ወይም መቀመጫ ላይ ቢሆንም ዋና ሥራውን የሚሠራው አንጎል ውስጥ ነው፤ የሥነ ተዋልዶን ሥርዓት የሚመሩት ሃይፖታላመስና ፒቱታሪ ዕጢ እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያዝዘውን መልእክት እንዳይልኩ ያግዳቸዋል። ይህ ተጽዕኖ ያልፋል። መርፌው ሲቋረጥ ትእዛዙ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ ለማርገዝ ወራት መፍጀቱም የታወቀ ነው። ጥያቄው የማያልፍ ነገር ይኖር እንደሆነ ነው።

ጥርጣሬው የተነሣው አንጎልን ከሸፈኑት ገለፈቶች በሚበቅለው ሜኒንጂዮማ በተባለ ዕጢ ምክንያት ነው። ዕጢው በአብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ነገር ግን የራስ ቅል የማይለጠጥ ዕቃ ስለሆነ፣ እያደገ ሲሄድ አንጎልን ይጫናል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፤ በብዙዎቹ ዕጢዎች ላይም የፕሮጄስትሮን ተቀባዮች ይገኛሉ።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያወጡት ጥናት፣ በዚህ ዕጢ ምክንያት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 18,061 ሴቶች ከ90,305 ሌሎች ሴቶች ጋር አነጻጽሯል። መርፌውን ከአንድ ዓመት በላይ በወሰዱት ላይ አደጋው 5.6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ይሁንና ከታች ያለውን መመልከት ያስፈልጋል፦ ከታማሚዎቹ መካከል መርፌውን የተጠቀሙት 9፣ ከማነጻጸሪያዎቹ ደግሞ 11 ብቻ ነበሩ። ፈረንሳይ ውስጥ መርፌውን የሚጠቀም ጥቂት ስለሆነ ነው። በሌላ አነጋገር፣ መርፌውን በብዛት የሚወስዱትን ሴቶች የሚመለከተው ጥያቄ የተመለሰው እምብዛም በማይወስዱት ዘንድ ነው።

ስድስት እጥፍ ሊቃረብ የተጠጋው ይህ ጭማሪ የተሰላው በራሱ አነስተኛ ከሆነ ቁጥር ላይ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ በሽታው ብርቅ ነው፣ በወጣት ሴቶች ላይ ደግሞ ይበልጥ ብርቅ ነው። በሌላው የሚዛኑ ወገን ያለው አደጋ ግን ብርቅ አይደለም። የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) አገር አቀፍ ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሚሞቱ ገምቷል። ስለዚህ መርፌውን በድንጋጤ አቋርጦ ያለ መከላከያ መቅረት ከተፈራው የከፋ ነው።

የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ሜኒንጂዮማ ያለባት ወይም ከዚህ ቀደም የነበረባት ሴት መርፌውን ለወሊድ መቆጣጠሪያ እንዳትወስድ መክሯል። ይህ ማስጠንቀቂያ በጤና ኬላ ደረጃ ሥራ ላይ ሲውል አንድ እንቅፋት ይገጥመዋል። ራስ ምታት የዕጢው ምልክት የመሆኑን ያህል የመርፌው ተራ የጎንዮሽ ጉዳትም ነው፤ «የመርፌው ጠባይ ነው» ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል። የሚለየው አካሄዱ ነው፦ እየባሰ የሚሄድ ከሆነ፣ ከእይታ መደብዘዝ፣ ከጆሮ መጮህ ወይም መድከም፣ ከመርሳት፣ በተለይም አዲስ ከጀመረ የሚጥል በሽታ ጋር ከመጣ ወደ ሆስፒታል መላክ ይገባል። መርፌውን መተው የምትሻ ሴትም አማራጭ አላት፤ የመዳብ ሉፕ ሆርሞን የለበትም፣ ሌቮኖርጄስትሬል ያለበት ሉፕም በፈረንሳዩ ጥናት ተጨማሪ አደጋ አላሳየም።

ዘጠኝ ታማሚዎች ሊመልሱት ያልቻሉት ጥያቄ አንድ ነው፦ አምስት ወይም ዐሥር ዓመት ሳያቋርጡ የተወጉ ሴቶች ላይ አደጋው ምን ያህል ይሆናል? ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ በሁለት ቦታ ይገኛል፤ መርፌው የተሰጠበት ቀን በሚጻፍበት የቤተሰብ ምጣኔ ካርድ ላይና የአንጎል ቀዶ ሕክምና በሚሰጡ ሆስፒታሎች መዝገብ ውስጥ። ሁለቱን ማገናኘት ቀዶ ሕክምና የተደረገላትን ሴት «መርፌ ትወስጂ ነበር? ስንት ዓመት?» ብሎ ከመጠየቅና መልሱን ከመመዝገብ ይጀምራል።