ሰማያዊው ጨርቅና የቆላው ዝንብ

መርካቶ ውስጥ ጨርቅ የሚገዛ ጠንቃቃ ሰው፣ ጣቃው ከመደርደሪያ እንደወረደለት ወደ ዋጋ ክርክር አይገባም። የጨርቁን ጫፍ ይዞ ወደ ሱቁ ደጃፍ ይወጣና በፀሐይ ያየዋል። በሱቁ መብራት አንድ የሚመስሉ ሁለት ሰማያዊ ጨርቆች ደጅ ሲወጡ ሊለያዩ እንደሚችሉ ልምድ አስተምሮታል። ነጋዴውም አይቀየምም። ይህ የገበያ ብልሃት መልካም ፊዚክስ ነው። ይሁን እንጂ ጨርቁ የተፈለገው የቆላ ዝንብን ለማጥመድ ከሆነ የገዢው ዐይን በፀሐይም ቢሆን አይበቃም፤ ቀለሙን የሚፈርደው ዝንቡ ነውና።

አዲስ አበባ በከፍታዋ ምክንያት ከዚህ ዝንብ ነፃ ናት። በጅማ መንገድ ወርደን ጊቤ ሸለቆ ስንደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። በኦሞ-ጊቤ፣ በዴዴሳ፣ በባሮ-አኮቦና በዓባይ ተፋሰስ ቆላዎች ዝንቡ፣ ወንዱም ሴቷም፣ ደም በመምጠጥ ይኖራል። ሲነክስም ትሪፓኖሶማ የተባለውን ባለአንድ ሕዋስ ጥገኛ ወደ ከብቱ ደም ያስገባል። ገንዲ የምንለው በሽታ ይኸው ነው። በገንዲ የተያዘ በሬ ደሙ ያንሳል፣ ይከሳል፣ ጠጉሩ ይቆማል፣ ቀንበር ይከብደዋል፤ ላሟም ትጨነግፋለች። የበሬ መታመም ለአንድ ገበሬ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለአገራችን አንባቢ ማስረዳት አያሻንም።

መድኃኒት አለ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በጊቤ ሸለቆ የተገኙት ጥገኞች በሥራ ላይ ያሉትን መድኃኒቶች መቋቋም ጀምረው ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1990 አንስቶ ዝንቡን ራሱን ለማጥቃት፣ ዴልታሜትሪን በተባለ ፀረ ተባይ የተነከሩ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቆች በሸለቆው ተተከሉ።

ዝንቡ ከብት ሲፈልግ ከሩቅ ሽታ ይከተላል፤ የከብት ሽንት ከጨርቁ አጠገብ በዕቃ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። ሲቀርብ ግን በዐይኑ ይመራል። ሰማያዊው ይስበዋል፣ ጥቁሩ ያሳርፈዋል፤ ባረፈበት ቅጽበት እግሩ መርዙን ይነካል። ጨርቆቹም ብዙ መሆን አይጠበቅባቸውም። የቆላ ዝንብ ሴት እንደ ቤት ዝንብ እንቁላል አትጥልም፤ አንድ እጭ በማሕፀኗ አሳድጋ በ9 ወይም በ10 ቀን አንዴ ትወልዳለች። እንዲህ ቀስ ብሎ የሚራባ ፍጡር፣ በየቀኑ ከመቶው ተጨማሪ አራት ያህሉ ቢገደሉበት ዘሩ ይመነምናል። በዚምባብዌ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሽታ የታከለባቸው 4 ጨርቆች ለአንዳንዶቹ ዝርያዎች በቂ ሆነው ተገኝተዋል።

ታዲያ የትኛው ሰማያዊ? ዐይናችን ቀለምን የሚመዝነው በሦስት ዓይነት ተቀባይ ሕዋሳት ነው። ለአንጎል የሚያቀብለው የሞገዶቹን ዝርዝር ሳይሆን ሦስት ድምሮችን ብቻ ነው። ሁለት የተለያዩ የብርሃን ዝርዝሮች ተመሳሳይ ድምር ሲሰጡ «አንድ ቀለም ነው» እንላለን። መብራቱ ሲለወጥ ድምሩም ይለወጣልና፣ የመርካቶው ገዢ ደጃፍ ላይ የሚይዘው ይህንን ልዩነት ነው። የማይዘው ሌላ ልዩነት ግን አለ። ከ400 ናኖሜትር ያጠረው አልትራቫዮሌት ለእኛ ጨለማ ነው፤ ዝንቡ ግን ያየዋል። ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ዝንቡን አጥብቆ የሚስበው በ460 ናኖሜትር አካባቢ ብዙ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ጨርቅ ነው። ያው ጨርቅ አልትራቫዮሌትን ወይም አረንጓዴውንና ቢጫውን ጭምር የሚያንጸባርቅ ከሆነ ስበቱ ይቀንሳል። ለእኛ መንታ የሚመስሉ ሁለት ጨርቆች ለዝንቡ ባዕድ ለባዕድ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀው ፍታሎጅን የተባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ ነው። በመሐሉ የመዳብ አቶም የያዘ ሞለኪውል ሲሆን ፀሐይ በቀላሉ አታደበዝዘውም።

ስለዚህ ጨርቅ በብዛት ከመገዛቱ በፊት ከጣቃው አንድ ቁራጭ ወደ ቤተ ሙከራ መምጣት ይኖርበታል። ከ300 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ነጸብራቅ በስፔክትሮሜትር መለካት የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ለሚፈልግ የፊዚክስ ተማሪ የሚበዛ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከምናያቸው ርዕሶች የሚሻል ይመስለናል።

ይህ ተራ ጨርቅ የኑክሌር ፊዚክስም አጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የደቡብ ስምጥ ሸለቆ ፕሮጀክት፣ ወንድ ዝንቦችን በጋማ ጨረር አምክኖ የመልቀቅ ዘዴን የያዘ ነው። ዝንቦቹን የማርባትና የማምከን ሥራ የታቀደው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቃሊቲ ነው። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትገናኝ፣ ከመከነ ወንድ ጋር ከተገናኘች ዘር አትተካም። ዘዴው ግን የሚሠራው የተለቀቁት ወንዶች ከጫካው ወንዶች በብዙ እጥፍ ሲበልጡ ነው። የጫካዎቹን ቁጥር አስቀድሞ ዝቅ የሚያደርገው በፀረ ተባይ የተነከረው ጨርቅና የታከመው ከብት ነው። የጨርቁም ትልቁ ጠላት ሁልጊዜ ፀሐይና ዝናብ አይደለም፤ ጥሩ ሰማያዊ ጥጥ ለልብስም ይሆናልና በየቆላው ከተተከለበት የሚሰረቀው ቀላል አይደለም።