እንጀራ ሸጠው ልጆች ያሳደጉት አበበች ጎበና

በእኛ በዘነበወርቅ የእጅ ሥራ ምን ያህል እንደሚያኖር የማያውቅ የለም። የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ነበር። በ1958 ዓ.ም. በዚሁ ስፍራ አለርት ተቋቋመ። ለሕክምና ከሩቅ አገር ከመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ቀያቸው መመለስ ከበዳቸው። በሽታውስ በመድኃኒት ይድናል፤ የሰው ፊት ግን ቶሎ አይፈታም። ስለዚህ እዚሁ ጎጆ ቀለሱ። ጥጥ ፈትለው፣ ጥልፍ ጠልፈው፣ ያንን ሸጠው ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች አሉ።

ዛሬ የምናስታውሳቸው እናት የዚህ ሠፈር ሰው አልነበሩም። ታሪካቸው ግን ለእናንተ እንግዳ አይሆንም።

አበበች ጎበና በ1928 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሸበል አቦ በሚባል መንደር ተወለዱ። ዘመኑ ጣሊያን አገራችንን የወረረበት ነው። አባታቸው በጦርነቱ ሞቱ። አያቶቻቸው አሳደጓቸው። ገና በ10 ዓመታቸው ሳይወዱ ተዳሩ። እሳቸው ግን እሺ አላሉም፤ ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። እዚህም መጠነኛ ትምህርት ቀሰሙ። በዚያችው ትምህርት በአንድ የቡናና የእህል ድርጅት ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ። ትዳርም ያዙ፤ ኑሯቸውም ደህና ነበር።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ ሄዱ። አገሩን ረኀብ መትቶት ነበር። እናቷ ሞታ፣ ከሬሳው አጠገብ ያለች ሕፃን አዩ። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጠበል ብቻ ነው። እሱን ለተራበው አደሉ። ሕፃኗንና ሌላ ወላጅ የሌለው ልጅ ይዘው ቤታቸው ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ።

እንግዲህ 21 ልጅ በምን ይበላል? ባለቤታቸውም በነገሩ አልተስማሙም። አበበች ከልጆቹና ከትዳራቸው መምረጥ ግድ ሆነባቸው። ልጆቹን መረጡ። ቤታቸውን ትተው ወጡ። የሞቀ ቤት ትቶ መውጣት እኮ ቀላል ነገር አይደለም! ጌጣጌጣቸውን ሸጡ። ከዚያም እንጀራ እየጋገሩ፣ ጠጅ እየጣሉ ይሸጡ ጀመር።

በውጭ አገር የበጎ አድራጎት ሱቅ የሚባል አለ። ሰዎች ያገለገለ ልብስ፣ መጽሐፍና ዕቃ ለሱቁ በነፃ ይሰጣሉ። ከሻጮቹ ብዙዎቹ ደሞዝ የማይቀበሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ትርፉ ለተቸገረ ሰው ይውላል። በእንግሊዝ አገር ኦክስፋም የተባለው ድርጅት እንዲህ ያለ ሱቅ ከከፈተ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። አበበች እንዲህ ያለ ሱቅ አልነበራቸውም። የእሳቸው ሱቅ ምጣዳቸውና ጋናቸው ነበር። ሻጯም እሳቸው፣ ደሞዝ የማይቀበሉትም እሳቸው። ትርፉ ሁሉ ለልጆቹ ሆነ።

ሥራው ቀስ በቀስ አደገ። በስማቸው የሚጠራ የሕፃናት ክብካቤና ልማት ድርጅት ሆነ። ወላጅ አልባ ልጆችን ከማሳደግ አልፎ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ለሴቶችም ሙያ አስተማረ። ሴቶቹ እንደ አበበች ሠርተው፣ ሸጠው ይኖሩ ዘንድ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው።

አበበች ጎበና በኮሮና በሽታ ታመው ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው ዐረፉ። ያሳደጓቸው ልጆች እናታቸውን ቀበሩ።

ብዙዎቻችን «ሲተርፈኝ እረዳለሁ» እንላለን። አበበች እስኪተርፋቸው አልጠበቁም። ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ሙያ ግን ነበራቸው። በዚያው ሙያ ረዱ። ሆኖም የመጀመሪያውን ሸክም ብቻቸውን መሸከማቸውን አንርሳ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? ወላጅ የሌለው ልጅ የምታሳድግ እንጀራ ሻጭ በየሠፈሩ አትጠፋም። ከሞተች በኋላ ከማመስገን ዛሬ እንጀራዋን መግዛት ይሻላል። እንጀራ ስትገዙ ከእሷ ግዙ።