ወርቁን የሚይዘው ቀጭን ክር

የካህን ወይም የሙሽራ ካባ ሲታይ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በሚያብረቀርቀው የወርቅ ክር ላይ ነው። ብዙ ሰው ያ ወርቅ በመርፌ ተሰክቶ ጨርቁን እየበሳ የወጣና የገባ ይመስለዋል። እንዲህ ዓይነቱ ወፍራም የወርቅ ክር ግን ጨርቁ ላይ ይተኛል እንጂ አይበሳውም። የሚበሳውና የሚመላለሰው፣ ወርቁን እየተሻገረ የሚያስረው ሌላ ቀጭን ክር ነው። ክር አስተኝቶ በሌላ ክር የማሰሩ ሙያ ከጥልፍ ዓይነቶች ሁሉ ዋጋው ያልታወቀለት ነው ባይ ነኝ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የጥንቱ የወርቅ ክር በሐር ፈትል ላይ የተጠመጠመ ስስ የብረት ጥብጣብ ነው። በጨርቅ ቀዳዳ ደጋግመው ቢጎትቱት ጥብጣቡ ይላጣል፣ ሐሩ ይራቆታል። ደግሞስ ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ነገር ግማሹ ማንም በማያየው ጀርባ ለምን ይቀራል?

ለመማር ካንቫስን የሚያህል ጨርቅ አላውቅም። ቀዳዳዎቹ እኩል ስለሆኑ በእርሳስ መንደፍ አያስፈልግም፣ መቁጠር ብቻ ነው። ሁለት የወርቅ ክር ጎን ለጎን አስተኝታችሁ በየአራተኛው ቀዳዳ እሰሩ። በሚቀጥለው ረድፍ ማሰሪያውን ሁለት ቀዳዳ አሳልፉት፤ የጡብ ግንብ መልክ ይወጣል። በሁለት ፈንታ አንድ ብታሳልፉ ሰያፍ መስመር ትሠራላችሁ። ከወርቁ በታች ሲባጎ ደርድራችሁ በሲባጎዎቹ መካከል ብታስሩ ደግሞ የሰፌድ ሥራ የመሰለ ጉብታ ይፈጠራል። በሦስቱም ውስጥ የተኛው ወርቅ ያው ነው፤ ንድፉን የሚያወጣው ማሰሪያው ነው። ማሰሪያውን በተቻለ መጠን መደበቅ አለብን የሚሉ መምህራን ይህን ደስታ ከተማሪው ይነጥቁታል። ቀይ ሐር በወርቅ ላይ ጠበቅ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ከዚያ ሳሳ አድርጉት፤ ጥላና ብርሃን ዓይናችሁ እያየ ይመጣል።

ግን አትጎትቱ። ማሰሪያው አለቅጥ ሲጠብቅ ወርቁ ይሰረጉዳል፣ ካንቫሱም ይሸበሸባል። እጅ ላይ አንጠልጥሎ መሥራትም ለዚህ ሙያ አይሆንም፤ ካንቫሱ በክፈፍ ላይ በደንብ ይወጠር።

አሁን ከሁሉ ወደምወደው ልምጣ። በ13ኛው ክፍለ ዘመንና በ14ኛው መጀመሪያ የእንግሊዝ ጠላፊዎች ማሰሪያውን ፊት ለፊት በማሳየት ፈንታ ወደ ጀርባ ይወስዱት ነበር። መርፌው ጠንካራ የተልባ እግር ክር ይዞ ከጀርባ ይወጣል፣ ወርቁን ይዞራል፣ ከዚያም በወጣበት በዚያው ቀዳዳ ይመለሳል። ከጀርባ ቀስ ተብሎ ሲሳብ ወርቁ ራሱ እንደ ጤፍ ፍሬ ያነሰች ቀለበት ሠርቶ ጨርቁን ያልፋል። ያቺ ቅጽበት በጣት ትታወቃለች፤ ጨርቁ ትንሽ ይታገልና ይለቃል። ፊት ለፊት ምንም ማሰሪያ አይታይም፣ ወርቁ ጠለቅ ያለባት ነጥብ ብቻ ትቀራለች። ነጥቦቹን በመደርደር ዚግዛግ፣ አልማዝ መሳይ ቅርጽና ሌላም ይወጣል።

ይህን ለውበት ብቻ ያደረጉት የሚመስለው ካለ ካባው ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ይመልከተው። ላይ ለላይ የታሰረ ወርቅ ሲበዛ ጨርቁን ይገትረዋል። በእንግሊዞቹ ሥራ ግን እያንዳንዷ ነጥብ ማጠፊያ ናት፤ በወርቅ የተሞላው ካባ ከለባሹ ጋር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ማሰሪያውም ጀርባ ስለተቀመጠ ከመታሸት ይድናል።

ኦፑስ አንግሊካኑም የተባለው ይህ ጥልፍ በሮም ትልቅ ስም ነበረው። መነኩሴው ማቲው ፓሪስ እንደጻፈው እ.ኤ.አ. በ1246 ጳጳሱ ኢኖሰንት 4ኛ በእንግሊዝ ካህናት ልብስ ላይ ያለውን የወርቅ ጥልፍ አይተው ተገርመው፣ የሲስተርሺያን ገዳማት አበ ምኔቶች እንዲህ ያለውን እንዲልኩላቸው ደብዳቤ ጽፈዋል። በ1288 ጳጳሱ ኒኮላስ 4ኛ ለትውልድ አገራቸው ለአስኮሊ ፒቼኖ ካቴድራል የሰጡት ካባ እስከ ዛሬ አለ። በ1295 በተጻፈው የቫቲካን የንብረት መዝገብ ውስጥም የእንግሊዝ ጥልፍ ከ100 በላይ ቦታ ተጠቅሷል። ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ባለው፣ የዚሁ ጥልፍ ሥራ በሆነው የሳዮን ካባ ፊት የሚቆም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የቅዱሳኑን ፊት ነው። እኔ ከቅዱሳኑ ኋላ ያለውን መደብ እዩልኝ እላለሁ፤ አረንጓዴውና ቀዩ ሐር በዚሁ ዘዴ የታሰረ ነው። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ዘዴው እየቀረ ሄደ። ጊዜ ይፈጃል፤ ገዢው ደግሞ ቶሎ የሚደርስ ሥራ ፈለገ።

ይህን የጀርባ አሠራር ለመሞከር ካንቫሱን ትታችሁ ጥቅጥቅ ያለ የተልባ እግር ጨርቅ ያዙ። የካንቫስ ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ ቀለበቷ ተመልሳ ትወጣለች።

አንዲት እናት የጋብቻ ካባዋን እንድጠግንላት ይዛልኝ መጥታ ነበር። የጠርዙ ወርቅ ላላ ብሎ ሲንጠለጠል ከቤት አንዱ «ያስጠላል» ብሎ በመቀስ ቆርጦታል። ወርቁ ደህና ነበር፤ ያለቀው ማሰሪያው ብቻ ነው። ሳይቆረጥ ቢመጣ በቦታው መልሶ አስተኝቶ በአዲስ ሐር ማሰር ይበቃ ነበር፤ አሁን ግን ጎዶሎውን የሚሞላ ተመሳሳይ ክር ፍለጋ ሆነ። እባካችሁ፣ የላላ ወርቅ አትቁረጡ። በፊቱ በኩል አትተኩሱት፣ አጥባችሁም አትጭመቁት። ስታስቀምጡ አጣጥፋችሁ ሳይሆን ጥልፉን ወደ ውጭ አድርጋችሁ ጠቅልሉት።

ለጀማሪ የምጨምረው ሁለት ነገር ነው። የወርቁን ጫፍ ፊት ለፊት አትቁረጡት፤ ትንሽ አስተርፋችሁ ዓይነ ሰፊ በሆነ መርፌ ወደ ጀርባ አሳልፉና እዚያ እሰሩት። ማሰሪያ ሐሩን ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት በሰም ላይ ጎትቱት፤ የወርቁ ጥብጣብ ሸካራ ነው፣ ሰም ያልነካውን ሐር ቶሎ ይበላዋል።