በበላበት ይሄዳል

የአምስት ወር ቡችላ ይዞ ጠዋት መንገድ የወጣ ሰው ነገሩን በክንዱ ያውቀዋል። በሩ ሲከፈት ቡችላው ይወረወራል፣ ገመዱ ይወጠራል፤ ውሻው ማሰሪያው እያነቀው ይስላል፣ ሰውየው ወደ ኋላ ተንጋልሎ ይጎትታል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሻቸውን ይዘው የሚወጡ ሰዎች ሳይ ደስ ይለኛል። ገመዱ ረገብ ብሎ ጎን ለጎን ሲሄዱ የማየው ግን ከስንት አንዴ ነው። ውሻ ከሚማረው ሁሉ ደግሞ እኔ የማስቀድመው ይህንኑ ነው። «ቁጭ በል» እና «እጅህን ስጠኝ» እንግዳ ፊት ያስመሰግናሉ፤ ሳይጎትት መሄድ ግን ውሻውን ከግቢ ያወጣዋል። የሚጎትት ውሻ መጀመሪያ በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ በወር አንዴ ይወጣል፤ በመጨረሻ ዕድሜውን ሰንሰለት ላይ ይጨርሳል።

ዕቃው ቀላል ነው፦ ሁለት ጣት የሚያስገባ የአንገት ማሰሪያ፣ ሁለት ሜትር ገደማ ገመድ፣ በጥፍር ልክ የተከተፈ ቅቅል ሥጋ። ከወጥ የወጣ ሥጋ አይሆንም፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ክትባቱ ሳይሟላ፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳይወስድ መንገድ አይወጣም። ግቢ ውስጥ ግን ገና በሁለት ወሩ መጀመር ይቻላል፤ በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ውሻው ለምን እንደሚጎትት ስትጠይቁ ብዙ ሰው «ንቆኝ ነው» ይላችኋል። «አለቃው እኔ ነኝ እያለ ነው፤ ዛሬ ካልቀጣሁት ነገ ይነግሥብኛል» ብሎ ሰንሰለቱን መንጭቆ ይስበዋል፣ አንዳንዱም በእርግጫ ይለዋል። ይህ እምነት የተወለደበት ቦታ አለው። ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ባዝል ከተማ በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ የታጎሩ ተኩላዎችን አጥንቶ በ1947 እ.ኤ.አ. ያየውን ጻፈ። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ተኩላዎች አንድ አጥር ውስጥ ሲገቡ ተጣሉ፣ የበረታው በጉልበቱ የበላይ ሆነ። አሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሜክ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡ ይበልጥ ተሰራጨ፤ ከዚያም ከተኩላ ወደ ውሻ ተሻገረ።

ሜክ ግን በዚያ አልቆመም። ሰሜን ካናዳ በረዶ ውስጥ ለዓመታት የዱር ተኩላዎችን ሲከታተል ያገኘው ሌላ ነው፦ የተኩላ መንጋ ማለት አባት፣ እናትና ልጆች ናቸው። ወላጆቹ የሚመሩት ወላጅ ስለሆኑ እንጂ ተደባድበው ስላሸነፉ አይደለም። ይህን በ1999 ጽፎ አስተካከለ፤ የቀድሞ መጽሐፉም መታተሙ እንዲቆም አሳታሚውን ጠየቀ። እኛም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ባሌ ተራሮች ላይ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ይኖራል፣ ታላላቆቹም ታናናሾቻቸውን በማሳደግ ያግዛሉ። ሜክ ራሱ ያረመውን ነገር እኛ ቡችላ የምንመታበት ምክንያት ማድረጋችን ያሳዝነኛል።

ታዲያ ለምን ይጎትታል? አንደኛ፣ ፈጣን ስለሆነ ነው። የሰው እርምጃ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለጤነኛ ቡችላ ይህ መንቀርፈፍ ነው። ሁለተኛ፣ መንገዱ ለአፍንጫው ገና ያልተነበበ መጽሐፍ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፦ መጎተት ያዋጣዋል። ወደ ግንዱ ጎተተ፣ ግንዱ ጋ ደረሰ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 ድመቶችን ሣጥን ውስጥ ዘግቶ ባደረገው ሙከራ ያየው ይህንኑ ነበር፤ ፍሬ ያስገኘ ድርጊት ይደጋገማል። ቡችላው ሲጎትት እየተከተልነው ከሄድን፣ አስተማሪው እኛው ነን።

አራተኛውን የተማርኩት ከበግ ነው። አንድ የፋሲካ ዋዜማ የገዛሁትን በግ እየጎተትኩ ስመለስ መሐል መንገድ ላይ አራት እግሩን ተክሎ ቆመ። በሳብኩት ቁጥር ወደ ኋላ ሳበኝ። መንገድ ዳር የነበሩ አዛውንት በግ ነጋዴ መጡና «ልጄ፣ ገመዱን ላላ አድርግለት እንጂ። ስትጎትተው እኮ ነው የሚቆመው» አሉኝ። ጭብጥ ሣር አፍንጫው አጠገብ ያዙለትና ተራመዱ፤ በጉ ተከተላቸው። ገመዱ መሬት እየነካ ነበር። በግም ሆነ ውሻ ሲሳብ እንዳይወድቅ ወደ ሌላው ጎን ይሳባል። ቡችላችሁ አንገቱ በተሳበ ቁጥር ወደ ፊት የሚያይለው ለዚህ ነው። አንድን ገመድ ለመወጠር ሁለት ጎታች ያስፈልጋል፤ አንዱ እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ትምህርቱ የሚጀምረው ከእጃችሁ ነው። ገመዱ ሲወጠር ቁሙ። አትሳቡ፣ አትቆጡ፤ እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ ብቻ ቁሙ። ቡችላው ትንሽ ይታገላል፣ ከዚያ ምን ሆነ ብሎ ዞር ይላል። ዞር ሲል ገመዱ ይላላል። ያቺን ቅጽበት እንዳታሳልፏት። «ጎበዝ!» በሉትና ጉርሻውን ከጭናችሁ አጠገብ፣ ከሱሪያችሁ ስፌት ጋር አስጠግታችሁ ስጡት። ከፊታችሁ ዘርግታችሁ ከሰጣችሁት ከፊታችሁ ይቆማል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እኔ በበላበት ይሄዳልም እላለሁ። ሃያና ሠላሳ ጊዜ ጭናችሁ አጠገብ የጎረሰ ቡችላ ያንን ቦታ ራሱ ፈልጎ ይመጣል።

የመጀመሪያው ሳምንት ያደክማል። ዳማ ከምትባለው ቡችላዬ ጋር ከበራችን እስከ መጀመሪያው የመብራት ምሰሶ፣ ሠላሳ እርምጃ የማይሞላ መንገድ፣ ሩብ ሰዓት ፈጅቶብናል። ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። «ዛሬ ቸኩያለሁ፣ ዛሬን ብቻ ትጎትት» ይላል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። አልፎ አልፎ የሚሳካ ነገር ሁልጊዜ ከሚሳካው ይልቅ ሥር ይሰዳል፤ አምስት ቀን ቆማችሁ በስድስተኛው ከተከተላችሁት፣ የተማረው አጥብቆ ከጎተተ እንደሚሳካለት ነው። ከቸኮላችሁ ያን ቀን ግቢ ውስጥ ኳስ አጫውቱትና ሂዱ።

ስለ ዕቃ አንድ ነገር ልጨምር። ከመያዣው ውስጥ እየተሳበ የሚረዝመው ገመድ ለዚህ ትምህርት አይሆንም፤ ሁልጊዜ በመጠኑ የተወጠረ ስለሆነ ውሻው ውጥረትን እንደ ደንብ ይለምደዋል። ጀርባ ላይ የሚያያዘው የደረት ማሰሪያ አንገትን ያድናል እንጂ መጎተትን አያስተውም፤ የአላስካ ውሾች በረዶ ላይ ጋሪ የሚስቡት እኮ በደረታቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ሰንሰለት ላይ የዋለ ውሻ ላይ ደግሞ አትፍረዱ። ከቡችላነቱ ጀምሮ የሚያውቀው የተወጠረ ብረት ነው፤ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ፈታችሁ አሩጡት፣ ከዚያ ውጡ።

ዳማ አሁን ዓመት ሊሞላት ነው። ከሥጋ ቤቱ በር የሚተኙት ውሾች ጋ ስንደርስ ዛሬም ጆሮዋ ይቆማል፣ ትከሻዋ ወደ ፊት ያዘነብላል። ገመዱ ሊወጠር ሲል ግን ትገታለች፣ አንገቷን መልሳ ታየኛለች። ያን ጊዜ ሥጋ አልሰጣትም። «ሂጂ» እላትና ወደምትወደው ምሰሶ አብሬያት እሄዳለሁ። እስኪበቃት ታሸተዋለች፤ ገመዱ በመሐላችን እንደ ልብስ ማስጫ ረገብ ብሎ ይጠብቃታል።